ሐዘን ላይ ሆናችሁ ቤት ስትገዙ

ይህን መመሪያ የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት ሲቆጥቡ፣ የባንክ ብድር ሲያስጨርሱ ወይም ቀብድ ከፍለው የውል ቀን ሲጠብቁ አያታቸው ላረፉባቸው ባልና ሚስት ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ደላላው ይደውላል፣ ባንኩ ሰነድ ጎድሏል ይላል፣ ታላቋ አክስት ደግሞ ለአርባው ስንት ሰው እንደሚጠራ ትጠይቃለች። ሁሉም የሚዞረው ወደዚያችው አንድ የቁጠባ ሒሳብ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለቤት የተቀመጠ ገንዘብ ለድግስ መውጣት የለበትም። አያትን በክብር መሸኘት ግዴታችን ነው፤ ግን በአቅም ልክና ከቤተሰቡ ጋር ተካፍሎ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል አድርጉት።

አንደኛ፦ ከቀብር እስከ ሰልስት ምንም አትወስኑ

በእነዚህ ቀናት ስለ ቤቱ አትፈርሙ፣ አትክፈሉ፣ አትሰርዙ። ሁለት ስልክ ብቻ ደውሉ፤ አንዱን ለሻጩ ወይም ለደላላው፣ ሌላውን ጉዳያችሁን ለያዘው የባንክ ሠራተኛ። ሐዘን እንደገጠማችሁና መቼ መልሳችሁ እንደምትደውሉ ንገሯቸው። ቀኑን ቁርጥ አድርጉት፤ ሻጭ ወደ ሌላ ገዢ የሚሄደው ዝም ሲባል ነው። የተነጋገራችሁትን በአጭር መልእክት ደግማችሁ ላኩ፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናችኋል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አያት ሲሞቱ ሠራተኛ የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይገባዋል። ከባድና ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መውሰድ ይቻላል። ብድር እየጠየቃችሁ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ከመውሰዳችሁ በፊት አስቡበት። ባንኩ የሚያየው የደመወዝ ማስረጃችሁንና በሒሳባችሁ የሚገባውን ገንዘብ ነውና፣ የተቆረጠ ደመወዝ በማይሆን ወር ይታይባችኋል። ቀሪ የዓመት ፈቃድ ካላችሁ ከዚያ ተጠቀሙ።

ዕድሩን ለመጠየቅ አትፈሩ። የአያታችሁ ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የማብሰያ ዕቃውን ከማቅረቡ በላይ በደንቡ መሠረት የሚከፍለው ገንዘብ ይኖረዋል። የእናንተ የሰፈር ዕድርና የመሥሪያ ቤታችሁ መረዳጃም ለአያት ሞት ይከፍል እንደሆነ ደንቡን አስነብቡ። ብዙ ሰው ለወላጅ ብቻ የሚከፈል እየመሰለው ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ የለቅሶ ደብተር ያዙ

አንድ ተራ ደብተር ግዙና ረጋ ላለ፣ ጽሑፉ ለሚነበብ አንድ የቤተሰብ ሰው ስጡ። በግራው ገጽ የገባው፣ በቀኙ የወጣው ይጻፋል። ለምሳሌ በግራ፦ “ከዕድር 15,000 ብር፤ ከጎረቤት እንጀራ 40፤ ከእናቴ መሥሪያ ቤት 8,000 ብር።” በቀኝ፦ “የመቃብር 6,000፤ ውሃ 20 ካርቶን፤ ከሰል 1 ኩንታል፤ ለአውቶቡስ 7,000።” ከእያንዳንዱ ወጪ አጠገብ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ ይጻፍ። የደረሰኝ ፎቶ ካለ ይነሳ።

ይህ ደብተር ሦስት ጥቅም አለው። ወንድማማች ኋላ “ሁሉን የቻልኩት እኔ ነኝ” ብሎ እንዳይቀያየም ያደርጋል። ለእናንተ የቆመ ሰው የእሱ ቀን ሲደርስ ብድሩን እንድትመልሱ ያስታውሳችኋል። ለቀብር የወጣው ገንዘብም ከውርሱ ላይ ሲጠየቅ ማስረጃ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከሟች ንብረት ከዕዳዎችም ቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነውና።

ሦስተኛ፦ ወረቀቶቹን በምስክር ፊት ክፈቱ

የአያቶቻችን ወረቀት ብዙ ጊዜ በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ወይም ፍራሽ ሥር ነው ያለው። ፌስታሉ ሲፈታ የቤት ካርታ ከግብር ደረሰኝ፣ የጡረታ ደብተር ከዕድር ካርድ፣ የባንክ ደብተር ከመድኃኒት ማዘዣ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ በመሀሉም “ለእገሌ ያበደርኩት” የሚል ብጣሽ ወረቀት ይገኛል። ይህን ብቻችሁን አትክፈቱ፤ ከአያታችሁ ልጆች ቢያንስ ሁለቱ ይገኙ። እያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ ዝርዝር ጻፉ፣ የተገኙት ይፈርሙበት። ቤት ልትገዙ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ኋላ ከየት አመጣችሁት የሚል ጥያቄ እንዳይነሳባችሁ የሚያደርገው ይህ ዝርዝር ነው።

ቀጥሎ ወደ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሞት መመዝገብ ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። የሆስፒታል ወይም የቀብር ማስረጃ፣ የሟች መታወቂያና የአስመዝጋቢው መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ። የሞት ምስክር ወረቀት ሳይያዝ ባንኩም፣ ጡረታውም፣ ፍርድ ቤቱም አያስተናግዳችሁም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ነገሩ ተጨማሪ ምልልስ አለው።

ጡረታ ይቀበሉ ከነበረ ሞታቸውን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። ባል ወይም ሚስት በሕይወት ካሉ የተተኪ አበል ይጠይቁ፤ ይህ ለቀሩት አዛውንት የወር ገቢ ስለሆነ ለነገ አይባልም። የቴሌብር ወይም የኤቲኤም ምስጢር ቁጥራቸውን የምታውቁ ብትሆኑ እንኳ ከሞቱ በኋላ አንድ ብር አታውጡ። ገንዘቡ የወራሾች ሁሉ ነው፤ ለቀብር ነው ብላችሁ ያወጣችሁት ሳይቀር ያስከስሳል።

አራተኛ፦ የቤቱ ጉዳይ የደረሰበትን እዩ

ገና እየቆጠባችሁ ከሆነ ምንም አልጎደለባችሁም። እስከ አርባው ቤት ማየት አቁሙ፤ ደላላ የሚያሳያችሁ “ዛሬውኑ ካልተያዘ ያመልጣል” የሚባል ቤት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ጉዳዩ ጥብቅ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ከውሉ ሲወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲወጣ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የቀሪው ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ሻጩን በአካል አግኙና የማራዘሚያ ስምምነት በጽሑፍ አድርጉ። የሁለት መስመር ወረቀት ይበቃል፦ የቀድሞው ውል ቀን፣ አዲሱ የክፍያ ቀን፣ ሌላው የውሉ ቃል እንዳለ መቀጠሉ፣ የሁለታችሁና የምስክሮች ፊርማ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ለቅሶ የደረሰ ሻጭ “ግድ የለም፣ ጊዜ ውሰዱ” ይላል፣ ከልቡም ነው። ከወር በኋላ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ሲመጣበት ግን የቃል ነገር ይረሳል።

ብድር ተፈቅዶላችሁ ከሆነ የፈቃድ ደብዳቤው እስከ መቼ እንደሚቆይ አንብቡ። የባንኩ መሐንዲስ የሠራው የቤቱ ግምትም የራሱ ጊዜ አለው። ጊዜው ሳያልፍ በማመልከቻ ማራዘሚያ ጠይቁ። በመካከሉ አዲስ ብድር አትውሰዱ፤ ለድግስ ብላችሁ ከመሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበር ወይም ከሌላ ባንክ የወሰዳችሁት ብድር የመክፈል አቅማችሁን ይቀንሳል። የባንክ ብድርማ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ለሁሉም ባንክ ይታያል።

አያታችሁ ራሳቸው ለቅድሚያ ክፍያው ሊያግዟችሁ ወይም ቤታቸውን ሊያስይዙላችሁ ቃል ገብተው ከነበረ፣ ያ ቃል አብሯቸው አርፏል። ሒሳባችሁን ያለ እሱ ሥሩ። በጣም ያማል፣ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የተናገሩበት ድምፅ ነው የሚታወሳችሁ። ቢሆንም ዛሬውኑ ከወረቀቱ ሰርዙት።

አምስተኛ፦ የተዝካሩን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ብዙ ባልና ሚስት የቤት ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ቀብሩን ዕድርና ጎረቤት ይሸከመዋል። ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ የሙት ዓመቱ ግን ተከታትለው ሲመጡ እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል። በሬ ይገዛ ሲባል ማንም እምቢ አይልም፤ ይሉኝታ ይይዛል። “የልጅ ልጆቿ እያሉ” የምትለዋ አነጋገር ከየትኛውም የባንክ ወለድ ትከብዳለች።

መድኃኒቱ መዘግየት ሳይሆን መቅደም ነው። ከሰልስቱ በኋላ፣ ገና ሰው ሳይበተን፣ የአያታችሁ ልጆች በተሰበሰቡበት ባልና ሚስት አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን አንድ ቁጥር ተናገሩ፦ “እኛ ለሁሉም ዝክር በድምሩ ይህን ያህል እንችላለን፤ ቤት ውል ላይ ነን።” መናገር ያለበት የአያቱ ሥጋ ዘመድ የሆነው ነው። ምራት ወይም አማች ስለ ገንዘብ አፍ ቢከፍቱ ለዓመታት የሚነገር ቂም ይሆናል።

የንስሐ አባቱን አማክሩ። ፍትሐቱ፣ ጸሎቱና ቅዳሴው የሚጠይቀው ወጪ ከድግሱ ጋር አይወዳደርም፤ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የምታዘው ጸሎትና ምጽዋት ነው። ብዙ ቤተሰብ ዛሬ በአርባው ቀን ቅዳሴ አስቀድሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያንን አብልቶ፣ ለቅርብ ዘመድ ምሳ አድርጎ ይበተናል። እኔ ከድንኳኑ ድግስ ይህ ይበልጥብኛል። ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድም ሰደቃው ለተቸገረ ቢደርስ በሬ ከመቁጠር ይሻላል፤ ኢማሙ ወይም ታላቅ የሚከበር ሰው ይህን ሲናገር ዘመድ ይሰማል።

ድግሱ በብድራችሁ ላይ የሚጨምረውን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ይኸው። 2,000,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሩ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 26,336 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 25,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,336 ብር ብቻ ነው። አሁን ከቅድሚያ ክፍያችሁ 100,000 ብር አንስታችሁ ለድግስ አዋላችሁት እንበል። ያንኑ 100,000 ከባንክ ስትበደሩት በየወሩ ወደ 1,317 ብር ይጨመርባችኋል፤ በ20 ዓመት ከ316,000 ብር በላይ ትከፍሉበታላችሁ። የእናንተ ባንክ ወለድ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የብድር መኮንኑን በራሳችሁ ቁጥር አሠርታችሁ ወረቀቱን ለቤተሰብ ስብሰባው ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር። የተዝካር ወጪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቀብር ወጪ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ “አሁን እኛ እንቻለው፣ ኋላ ከውርሱ ይቀነሳል” ብላችሁ አትግቡ፤ ወራሾቹ ሁሉ በጽሑፍ ካልተስማሙ በቀር የወጣው ወጥቶ ቀረ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ውርሱን ከሒሳባችሁ አስወጡ

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ቀድመው የሚወርሱት ልጆች ናቸው። የልጅ ልጅ የሚወርሰው የእሱ ወላጅ ከአያቱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ፣ በወላጁ ምትክ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉ ድርሻው የእነሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። በሕይወት ያሉት የአያታችሁ ባል ወይም ሚስት ደግሞ ከጋራ ንብረቱ ግማሹን የሚያነሱት ወርሰው ሳይሆን የራሳቸው ስለሆነ ነው፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ የቀረው ነው። ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ ሙስሊም ቤተሰብ ውርሱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላል፤ አከፋፈሉም በዚያው ሕግ ይሆናል።

ኑዛዜ አለ ከተባለ አሠራሩን እዩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ መፈረም አለበት። ለልጅ ልጅ ቤት ተናዘዋል የሚባልበት ወረቀት በዚህ ጉድለት ሲፈርስ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ አለመግባባት ካለ የውርስ አጣሪ፣ ከዚያም ክፍፍል ይከተላል። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማረጋገጫውን የሚሰጡት የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ሰው ሁሉ ተስማምቶ እንኳ ወራት ይፈጃል፤ ከውጭ አገር ውክልና የሚጠበቅበት ወራሽ ካለ ይረዝማል። አያታችሁ ለአጎታችሁ ሰጥተውት የነበረ ውክልናም ባረፉበት ቀን ተቋርጧል፤ በእሱ ልሽጥ፣ ላውጣ የሚል ካለ አስቁሙት። የኖሩበት የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም።

ወላጃችሁ “ድርሻዬን ለቤታችሁ እሰጣችኋለሁ” ካሉ ተመስገን ነው። ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ እስክታዩት ድረስ ግን በእሱ ተማምናችሁ ቀብድ አትክፈሉ።

ሰባተኛ፦ የወር ሒሳቡን ለጊዜው ቀለል አድርጉት

ሐዘን ያለበት ሰው ይረሳል። መብራት ሳይከፈል ይቀራል፣ የዕቁብ ቀን ያልፋል፣ አንድ ዕቃ ሁለቴ ይገዛል። ለሦስት ወር ያህል ክፍያዎቹን ሁሉ ያላዘነው፣ ወይም ሐዘኑ የቀለለው፣ የትዳር ጓደኛ ይያዝ። ያዘነው አያጣራ፣ አይወቀስ።

ገንዘቡን በሦስት ሒሳብ ለዩት፦ የወር አስቤዛና ኪራይ፣ የሐዘኑ፣ የቤቱ። የቤቱ ሒሳብ የኤቲኤም ካርድ ባይኖረው ይመረጣል። የሐዘኑ ሒሳብ ሲያልቅ አልቋል፤ ከሌላው አይሞላም።

ዕቁብ ካላችሁ ለዳኛው ንገሩት። ሐዘን ለገጠመው ዕጣ ማስቀደም በብዙ ዕቁብ የታወቀ ነው። ስትወስዱ ግን ለቤቱ ይሁን፤ የቀረውን የዕቁብ መዋጮ ከወርሃዊው የባንክ ክፍያ ጋር አብሮ መሸከም መቻላችሁንም አስሉ።

የቀሩት አያት ካሉ መድኃኒታቸው፣ አስታማሚያቸው፣ ምናልባትም መኖሪያቸው ከእናንተ ጋር ይሆን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ይህ የምትገዙትን ቤት ይለውጠዋል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለእናንተ የሚስማማ ቤት ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው እስር ቤት ነው።

ስምንተኛ፦ ወደ ቤቱ ስትመለሱ

ከአርባው በኋላ ቤቱን እንደ አዲስ ሄዳችሁ እዩት፤ ያኔ የወደዳችሁት አሁንም የሚስማማችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ካርታውን በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስመርምሩ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን በጽሑፍ ያዙ። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ከሆነ 5 ዓመቱ መሙላቱን ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ከውርስ በቀር ለሌላ ማስተላለፍ የተከለከለ ነው። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩን ራሱን ስልክ ላይ አግኙ፤ የሞተ ሰው ውክልና ዋጋ የለውም። ቤቱ የተወረሰ ከሆነም ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ።

ባንኩ የሚያበድረው በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ ተመሥርቶ እንጂ ከሻጩ ጋር በተስማማችሁበት ዋጋ አይደለም። ልዩነቱን የምትሸፍኑት በጥሬ ገንዘብ ነው። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብሩን፣ የኢንሹራንሱንና የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ፣ ገንዘቡን በባንክ ወይም በሲፒኦ ክፈሉ።

የፊርማውን ቀን ከሰማንያው ወይም ከሙት ዓመቱ ሳምንት ጋር አታጋጩት። ቀብዱ፣ ድግሱ፣ ማዛወሪያው ሁሉ ተከፍሎ ቢያንስ የ3 ወር የባንክ ክፍያ በእጃችሁ ካልቀረ ግን ገና ናችሁ፤ አትፈርሙ።